ጨለማ የለመደ ዓይን

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሟን አስታውሶ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ አለቃው፣ «ድመቷ» ነው የሚላት። በዕድሜ የሚያንሷት ትንሽ ያፍሩና «እትዬ ድመት» ይሏታል። እሷም አቤት ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሚያበራ ነገር ስትመለከት የኖረች ሴት ከዚህ የባሰ ስም ቢወጣላትም አይገርማትም።

መሥሪያ ቤቱ የደረጃ ሰሌዳ ይሠራል። የመዳፍ ስፋት ያላቸው፣ ቀስት የተሳለባቸው ሰሌዳዎች ናቸው። በየፎቁ ደረጃ ጠርዝና ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰራሉ፤ መብራት ሲጠፋ በራሳቸው አረንጓዴ ብርሃን እየሰጡ ሰውን ወደ መውጫው ያደርሳሉ። ምስጢሩ ያለው ቀለማቸው ውስጥ ነው። ቀለሙ የሚሠራው ስትሮንቲየምና አሉሚኒየም ከሚባሉ ብረቶች ኦክሳይድ ተደባልቆ በእቶን ከተጋገረ ነጭ ዱቄት ነው። ከመጋገሩ በፊት ግን ሠራተኞቹ «ቅመም» የሚሉት ነገር ጠብ ይደረግበታል። ቅመሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም፤ ከአፈር ውስጥ በስንት መከራ ተለቅመው የሚወጡ፣ በማንኪያ ጫፍ የሚመዘኑ ብርቅ ነገሮች። ያለ ቅመሙ ዱቄቱ ከኖራ አይለይም። ቅመሙ ከገባበት ግን የጠጣውን ብርሃን ይዞ ይቆያል። አንደኛው ቅመም ብርሃኑን ይሰጣል፤ ሁለተኛው፣ ብርሃኑ ባንዴ ተረጭቶ እንዳያልቅ፣ እየያዘ በትንሽ በትንሹ ይለቃል።

ሴትዮዋ ወደ ጨለማ ክፍሉ የገባችው በአጋጣሚ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ለማሸጊያ ክፍል ነበር የተቀጠረችው። የሰሌዳዎቹን ብርሃን እዚያ የሚፈትሸው የቀድሞው መርማሪ ጡረታ ሲወጣ በቦታው የገቡት ሁለት ወንዶች አልበረከቱም። አንዱን እንቅልፍ ይወስደዋል። ሌላው በሦስተኛው ቀን «እዚያ ውስጥ ሰው ይተነፍሳል» ብሎ ወጣና ተመልሶ አልገባም።

«የራስህን ትንፋሽ ሰምተህ ነው» ቢሉት፣

«እሱንስ ማን አረጋገጠ?» አለ።

«አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ እስቲ ሞክሪው» አሏት። ሞከረችው፤ ወደደችውም። ጨለማ ውስጥ ማንም ፊቷን አያይም። ማንም «ምን ሆነሻል?» ብሎ አይጠይቃትም።

የሰው ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አያይም። ቀስ እያለ ነው የሚለምደው፤ በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ መርማሪ ከሥራው በፊት ቁጭ ብሎ ዓይኑን ማስለመድ አለበት። እሷ ደግሞ ሰዓት ማባከን አትወድም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጥቁር መነጽር ታደርጋለች። ለምሳ ስትወጣ ዓይኗን በጥቁር ሻሽ ጠፍራ አስራ፣ ሳህኗን እየዳሰሰች ትበላለች።

«ኧረ ቀስ በሉ! ጨለማዋ እንዳይፈስባት!» ይላሉ የእቶኑ ሠራተኞች አጠገቧ ሲያልፉ።

«ሥጋዬን የነካ እጁን ነው የምነክሰው» ትላለች እሷ ከሻሹ ሥር።

«ድመት አይደለሽ፣ ያምርብሻል!»

እንዲህ እየተሳሳቁ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ያን ጨለማ እንደ ሞላ እንስራ ሳታፈስ ተሸክማ መዞሯ ያኮራት ነበር። የብርሃን መለኪያው መሣሪያ የሚለውን ቁጥር እሷ ቀድማ በዓይኗ ትገምታለች፤ ስትገምት ደግሞ ስታ አታውቅም።

ቤታቸው ውስጥ ሦስት ሴቶች ይኖራሉ፤ እሷ፣ ታላቅ እህቷና የእህቷ ልጅ። እህቷ ባሏ የሞተው ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ ሁለቱ ሆነው አሳደጓት። እህቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ከምድር በታች ባለ ክፍል ውስጥ፣ በእንፋሎትና በማሽን ጩኸት መሐል፣ አንሶላ ስታጥብ ጉልበቷ አልቋል። ማታ ማታ ታናሿ መብራት ሳታበራ በቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ትደነግጣለች።

«በእግዜር! ሌባ መሰልሽኝ እኮ! አብሪው እንጂ፣ ሚጡዬ፤ በነጻ ብናገኘው እንኳ አታበሪም ማለት ነው?»

ሚጡ ብላ የምትጠራት በዓለም ላይ እሷ ብቻ ነች፤ ሚጡዋ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቷታል።

ልጅቷ ተማረች፤ ኬሚስት ሆነች፤ ዶክተር ተባለች። ከዓለም ሥራ ሁሉ የመረጠችው ደግሞ አክስቷ የምትሠራበትን ቦታ ነው። በመጣች በዓመቱ አዲስ ዱቄት ይዛ ብቅ አለች። አሮጌው ዱቄት ሻካራ ነበር፤ ሰሌዳው ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ ቀለሙም ይወፍራል። ዶክተሯ አደቀቀችው፤ አንድ ፀጉር ለሺህ ቢሰነጠቅ የሚሆነውን ያህል አደቀቀችው። «ናኖ» ይሉታል። ሰሌዳው እንደ ወተት ስስ ቆዳ ለሰለሰ። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ ጨረቃ ቦግ ይላል። አለቃው ሲያየው አጨበጨበ።

የብርሃን መለኪያው የተበላሸው በዚያው ሰሞን ነው። ለጥገና ውጭ አገር ተላከ።

«መሣሪያው እስኪመጣ የድመቷ ዓይን አለልን» አለ አለቃው በስብሰባ መሐል። ሁሉም ዞር ብሎ አያት። አፍራ አንገቷን ብትደፋም ደስ ብሏት ነበር።

የመመርመሪያው ቅጽ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ተሰረዘና አንድ ጥያቄ ተተካ፦ ከስልሳ ደቂቃ በኋላ ቀስቱ በሁለት እርምጃ ርቀት ይታያል ወይ? እሷም ዓይኗን አስለምዳ፣ ሰሌዳውን በመብራት አጥግባ፣ መብራቱን አጥፍታ ስልሳ ደቂቃ ትቀመጣለች። ቀስቱ ይታያል። እውነት ለመናገር፣ መጨረሻ ላይ ከውኃ ሥር እንዳለ ነገር ይርገበገብባት ነበር፤ ይሁን እንጂ ይታያል። ያሳደገቻት ልጅ ሥራ ነውና እንዲታይ ትፈልግ ነበር። «ይታያል» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። አዲሱ ሰሌዳ በአራት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሕንጻ ገባ። የመጀመሪያው እህቷ የምትሠራበት ሆስፒታል ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አንድ ሰሌዳ ፊቷ አስቀምጣ አርባኛው ደቂቃ ላይ እንደ ደረሰች፣ ዘበኛው በሩን ደበደበ።

«እትዬ ድመት! እህትሽ በር ላይ ቆማለች! ቶሎ ነይ ብላለች!»

ደነገጠች። መነጽሯንም ሻሿንም ሳትይዝ ወጣች። ግቢው በፀሐይ ይንቦገቦጋል፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እታለም! ምን ሆንሽ? ሰላም ነው?»

«ምን እሆናለሁ፤ የቤት ቁልፌን ረስቼ ነው። ምነው እንዲህ ተጨናበስሽ? አልቅሰሻል እንዴ?»

«ፀሐዩ ነው። ነፍሴን አወጣሽው እኮ! ለቁልፍ ነው እንዲህ የምታስጠሪኝ?»

እህቷ ሳቀች። ቁልፉን ተቀብላ ልትሄድ ካለች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ስሚ፣ ልጃችን እኮ ሆስፒታሉን ጉድ አሰኘችው! የጥገናው ሰውዬ ሰሌዳውን ወዶ ወዶ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? የደረጃውን አምፖሎች ከጄኔሬተሩ ነቀላቸው። መስመሩን ለመድኃኒት ማቀዝቀዣው ሰጠው። ‹ይኼ የመሰለ ሰሌዳ እያለ ለደረጃ ነዳጅ ምን አቃጠለኝ› አለ። እኔም ‹የሠራችው ልጄ ናት› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ራሱ ተለውጧል!»

እየሳቀች ሄደች። ታናሿ ወደ ጨለማ ክፍሏ ተመለሰች፤ በሩን ዘጋች።

ሰሌዳው የለም።

መጀመሪያ ሰው የወሰደው መሰላት። ግን ማን ገባ? ጠረጴዛውን በእጇ አሰሰች። ጣቷ ጠርዙን ነካ። ቦታው ላይ አለ። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ለስላሳ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ዓይኗ አስጠግታ ያዘችው። ምንም። ባዶ ጥቁር። በእጇ የያዘችው ነገር በዓይኗ ዘንድ አልነበረም።

ቆማ ጠበቀች። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ከጥቁሩ ውስጥ አንድ ነገር፣ የሞተ ሰው ፊት በሕልም እንደሚመጣ ያለ ነገር፣ ቀስ ብሎ ብቅ አለ። ቀስቱ ነበር። እየደመቀ የመጣ መሰላት። ሰሌዳ ግን በጨለማ ውስጥ አይደምቅም፤ እየደከመ ነው የሚሄደው። የተለወጠው ዓይኗ ነው።

ያኔ ገባት። ያን ሁሉ ወር ስታይ የነበረው የሰሌዳውን ብርሃን አይደለም፤ የራሷን ጨለማ ነው። በአሮጌው ዱቄት ጊዜ ስህተቱ አልታወቀም፤ ብርሃኑ ለማንም ዓይን ይተርፍ ነበር። አዲሱን ግን ማየት የሚችለው ምሳውን በሻሽ ተጠፍሮ የሚበላ ሰው ብቻ ነው። ከበራ ክፍል ወጥቶ ወደ ደረጃ የሚሮጥ ሰው ማንም ሻሽ አስሮ አይጠብቅም።

ዶክተሯን ጠራቻትና ከፀሐዩ በቀጥታ አስገባቻት።

«ሰሌዳው የት አለ?» አለቻት።

«አክስቴ፣ እየቀለድሽ ነው? አላስቀመጥሽውም።»

እጇን ይዛ ሰሌዳው ላይ አሳረፈችላት። ልጅቷ የሰሌዳውን ጠርዝ በጣቷ ዞረችው። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «ዱቄቱ ሲደቅ የውጭ ገላው ይበዛል» አለች። «ቅመሙ ገላው ላይ ይቀራል፤ የተጎዳ ቦታ ያገኘዋል፤ ብርሃኑ በዚያ ይፈሳል። መጀመሪያ ቦግ ይልና ቶሎ ያልቃል። ፈርቼው ነበር እኮ። ግን ቅጹ ላይ ‹ይታያል› ሲል… አንቺ ‹ይታያል› ስትዪ…»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ሽፋን ላለብሰው እችላለሁ። ሦስት ሳምንት ስጪኝ። ለእማዬ ብቻ እንዳትነግሪያት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ ከተስተካከለ በኋላ።»

ልጅቷ ታለቅሳለች። ሕፃን ሳለች ታለቅስ እንደነበረው፣ ድምፅ ሳታሰማ። አክስቷም እሺ አለች። በዕድሜዋ ካለቻቸው እሺዎች ሁሉ የጠቆረው ይኼኛው ነው።

አለቃው ዘንድ አብረው ገቡ። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ የታከተው ሰው ነው።

«ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ አለ?»

«የለም» አለች ድመቷ።

«የወደቀ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ነው ከአሥራ አንድ ሕንጻ ሰሌዳ የማስነቅለው? ‹መርማሪያችን ዛሬ ዓይኗ አልሠራ አለ› ልበል? መለኪያው በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን። ደግሞ እትዬ፣ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«እኮ። ለራስሽም ስል ነው።»

በዚያ ምሽት ሦስቱም አንድ ገበታ ቀረቡ። ልጅቷ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትጎርሳለች። ድመቷ ሦስት ጊዜ ጀመረች፣ ሦስት ጊዜ ተወችው። በመጨረሻ፣

«እታለም፣ ሥራ ቦታ በደረጃው አትሂጂ። ለጉልበትሽ ጥሩ አይደለም» አለች።

«ሊፍቱ መብራት ሲኖር ነዋ! መብራት ሲጠፋ በምን ልውጣ፣ በገመድ?» እህቷ ሳቀች። «ደግሞ የልጄን ሰሌዳ እያየሁ ስወጣ ጉልበቴን አያመኝም።»

ሁለቱ ግን አልሳቁም። እህቷ ተራ በተራ አየቻቸው፤ ሁለታችሁም ደክሟችኋል ብላ ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ድመቷ ሥራ አልገባችም። በዋዜማው ከመጋዘን ያወጣቻቸውን ስድስት አሮጌ ሰሌዳዎች፣ ሻካሮቹን፣ በዘንቢል ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ለአንድ ፎቅ ደረጃ እንኳ አይበቁም፤ ግን የምድር ቤቱን መታጠፊያ ይሸፍናሉ ብላ አሰበች። የጥገናውን ሰው ምድር ቤት በሚያስወርደው ደረጃ አናት አገኘችው። ረጅም፣ ችኩል፣ እየተናገረ የሚራመድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ሰሌዳዎች መቀየር አለብን።»

«ለምን ሲባል?»

«ብርሃናቸው አይቆይም።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ነይ እስቲ እዪ!» በሩን ዘግቶ የደረጃውን አምፖል አጠፋው። ደረጃው መስኮት የለውም። ሰሌዳዎቹ በአንድ ጊዜ ፈኩ፤ አረንጓዴ ወንዝ ወደ ታች የሚወርድ ይመስላል። «ይኼ ነው የማይቆየው? ሙሽራ የሚሄድበት እኮ ነው!»

«ግማሽ ሰዓት ጠብቅና ከብርሃን ወጥተህ እየው።»

«እህቴ፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ካለኝ እተኛበት ነበር። ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ አምጪ፤ ያለ ደብዳቤ አንዲት ብሎን አልፈታም።»

አምፖሉን አብርቶ ሄደ። እሷ እዚያው ቆመች፤ የምታደርገው ጠፋት። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አምፖሉ በራሱ ጠፋ።

በኮሪደሩ ሰዎች «አይ!» ሲሉ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ጄኔሬተሩ አጓራ፤ የሕሙማን ክፍሎች በሩ፣ ኮሪደሩ በራ። ሊፍቱና ደረጃው ብቻ ቀሩ። ደረጃው በአረንጓዴው ተሞልቶ ያምር ነበር። ሁለት ነርሶች እያወሩ ወረዱ፤ አንዷ «ደስ አይልም?» ስትል ሰማች። ድመቷ በልቧ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመት ደቂቃ ስትቆጥር የኖረች ናት፤ ሰዓት አያስፈልጋትም።

በዘንቢል ውስጥ የዋሉት አሮጌ ሰሌዳዎች ብርሃን አልጠጡምና እዚያው ትታቸው ሮጣ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። እጥበት ክፍሉ በጄኔሬተሩ መብራት ቦግ ብሏል፤ ማሽኖቹ ያጓራሉ። ሴቶቹ በሁለት እጃቸው የንጹሕ አንሶላ እሽግ አቅፈው ይወጣሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ስልካቸውን ውኃ እንዳይነካው ላይኛው ፎቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆልፉት። የእሷም ስልክ እንደ ወትሮው ቤት ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክ አይገባም።

መጀመሪያ የጥገናውን ሰው የሚጠራላት ፈለገች። በእጥበት ክፍሉ የመሥመር ስልክ ተደወለለት፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። ሴቶቹ አሁንም ይወጣሉ፤ አንዷ ስትመለስ «ዛሬ ደብዘዝ ብሏል» አለች። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ድመቷ በሩን ዘጋች፤ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ከዚህ በኋላ ማንም አይወጣም።»

ሴቶቹ ተያዩ። እህቷ እሽግ እንዳቀፈች መጣች።

«ሚጡዬ! ከየት መጣሽ? ተነሺ ከበሩ ላይ፤ ቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ አልቋል። ሰው በደም ተኝቷል።»

«ደረጃው አይታይም፣ እታለም።»

«አሁን አይደል እንዴ የወጣሁት?»

«ያኔና አሁን አንድ አይደለም። ሰሌዳው አይሠራም። እኔ ነኝ ይሠራል ያልኩት፤ በተሳሳተ ዓይን አይቼ ፈረምኩ።»

እህቷ እሽጉን ወደ ደረቷ አስጠግታ አየቻት።

«ልጄስ? ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«መቼ ነው ያወቀችው?»

«ትናንት ረፋድ።»

«ትናንት ማታ አብራችሁኝ እራት በላችሁ» አለች እህቷ። ድምፅዋን አላነሳችም። «ሁለታችሁም። ጉልበትሽ አልሽኝ።»

እህቷ እሽጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ካቀፈችው አንሶላ ይልቅ እጇ ነጥቶ ነበር።

ያኔ ነው ከላይ የእግር ኮቴ የተሰማው። ከበሩ ወዲያ፣ በደረጃው፣ ከበራው ኮሪደር ቶሎ ቶሎ የሚወርድ ወንድ። እየወረደ ይናገራል፤ ስልክ ጆሮው ላይ ነው። «መጣሁ አልኩሽ እኮ! ከምድር ቤት ነው የተደወለው፣ ላየው እየወረድኩ ነው—»

ድመቷ በሩን በርግዳ ወደ ጥቁሩ ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተመልሶ ተዘጋ።

«ቁም! ባለህበት ቁም!»

እሷም አላየችም። ብርሃን ውስጥ ቆይታለች፤ ዓይኗ እንደ ማንም ሰው ዓይን ባዶ ነበር። ፊት ለፊቷ፣ በገዛ ፊርማዋ የታሰሩ ሃያ አራት ሰሌዳዎች አሉ፤ አንዱም የለም። ኮቴው አንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ከዚያ የከበደ ነገር፣ እየተንኳኳ፣ በጣም ረጅም በመሰላት ጊዜ ውስጥ፣ እስከ እግሯ ድረስ ወረደ።

የጥገናው ሰው ነበር፤ ሕይወቱ አለች። ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፤ ክንዱ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ሴቶቹ በአንሶላ ተሸክመው እጥበት ክፍሉ ውስጥ አስተኙት። ላብ እያጠመቀው ጣሪያውን ያያል።

«ምንም አልነበረም» ይላል ደጋግሞ። «ደረጃ አልነበረም። አለ ብዬ ረገጥኩ፣ አልነበረም።»

ከደረጃው መሐል የእሱ ስልክ ተገኘ፤ መስታወቱ ቢሰነጠቅም ይሠራል። እህቷ በስልኩ መብራት እየመራች ሁለት ወጣት አጣቢዎችን ወደ ላይ ላከች፤ ሐኪም እንዲያመጡ፣ በየፎቁ የደረጃ በር ላይ ሰው እንዲያቆሙ። ይኼን ሁሉ ስታደርግ ወደ ታናሿ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ሲያልቅ መጣችና የእጥበት ክፍሉን የመሥመር ስልክ ጎትታ ፊቷ አስቀመጠችው።

«አንድ ሕንጻ ብቻ ነው?»

«አሥራ አንድ ነው።»

«የጠፋው መብራት የእኛ ብቻ ነው?»

ድመቷ በትንሿ መስኮት አሻቅባ አየች። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆች ሁሉ ጨልመዋል። የትራፊኩ መብራት ጠፍቶ መኪኖች ይጮኻሉ።

«ደውዪ» አለች እህቷ።

የፈረመችባቸውን ወረቀቶች ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፤ ቅጹ ላይ የደንበኛው ስልክ ከፊርማዋ በላይ ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ «ኃላፊው የሉም፣ ከሰዓት ደውዪ» ብሎ ዘጋ። ሁለተኛው ደብዳቤ ጠየቃት። ሦስተኛው ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። አራተኛው ባለ ሦስት ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰውዬ አነሳ።

«መብራት አላችሁ?» አለችው።

«ኧረ የለም፣ እመቤቴ። ከሄደ አርባ ደቂቃ ይሆነዋል። ግን ደኅና ነን፤ ክፍሎቹ ፀሐይ አላቸው፣ እንደ ውጭ ነው የሚያበሩት።»

«ደረጃውስ?»

«ደረጃው የሚያበራ ሰሌዳ አለው። በጣም ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ እንደጠፋ ሁላችንም ወጥተን አይተነዋል።»

«ሰዎቹ የት ናቸው? አረጋውያኑ?»

«አሁን የምሳ ደወል ተደወለ። እየወረዱ ነው።»

«አስቁማቸው! አባቴ፣ በእግዚአብሔር፣ አንድም ሰው ወደ ደረጃው እንዳይገባ! ከላይ ሆነህ ጩህ! አንተ ራስህ እንዳትገባ፣ ሰማኸኝ? አንተ ራስህ—»

«ቆይ እስቲ፣ ልይልሽ» አለ ሰውዬው በዚያው በለስላሳ ድምፁ። እጀታውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ሰማች። ጫማው በወለሉ ላይ እየራቀ ሄደ፤ አንድ በር ተከፈተ።